ታህቱን መቁጠር

ክፍልፋይ የተማረ ሰው ሁሉ ላዕልና ታህት የሚሉትን ቃላት አይረሳቸውም። ከመስመሩ በላይ የተቀመጠው ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ ታህት ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት ታህትን የማየው ሰው የቤቱን ወለል እንደሚያየው ነበር፤ ዐይኔ የሚያርፈው ላዕሉ ላይ፣ ማለትም የተገኘው፣ የታየውና የተቆጠረው ነገር ላይ ነበር። ይህን ልማዴን ያስተወኝ አንድ ጠባብ የቅንጣት ፊዚክስ ዘርፍ ነው፤ ቻርም ኳርክን የያዙ ባርዮኖች (ባርዮን ከሦስት ኳርኮች የተሠራ ቅንጣት ነው) አልፎ አልፎ ብቻ የሚፈራረሱባቸውን መንገዶች የመለካት ሥራ። በዚህ ሥራ ላዕሉ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ሰው ዓመታት የሚደክመው፣ ክርክሩ የሚበዛው፣ ስሕተቱም የሚሸሸገው ታህቱ ውስጥ ነው።

ከባለጉዳዩ ልጀምር። ላምዳ-ሲ የሚባለው ባርዮን የፕሮቶን የቅርብ ዘመድ ነው። ፕሮቶን ሁለት አፕ ኳርኮችና አንድ ዳውን ኳርክ ሲኖሩት፣ ላምዳ-ሲ ከአፖቹ አንዱ በቻርም ኳርክ የተተካበት ነው። ይህች አንዲት ልውውጥ ክብደቱን ወደ 2286 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (በዚህ ሙያ ክብደትም ጉልበትም የሚለካበት አሃድ)፣ ማለትም የፕሮቶንን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ወደሚጠጋ መጠን ታደርሰዋለች፤ ዕድሜውን ግን ወደ 203 ፌምቶ ሰከንድ ታወርደዋለች። አንድ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ እንደገና ለሚሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው። ብርሃን ራሱ በ203 ፌምቶ ሰከንድ ውስጥ የሚጓዘው 61 ማይክሮ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ዘለላ ፀጉር ውፍረት የሚያክል ርቀት ብቻ ነው። ደግነቱ በፍጥነት ለሚጓዝ ቅንጣት ጊዜ ይዘገይለታል፤ 100 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዞ የተወለደ ላምዳ-ሲ ከመፍረሱ በፊት በአማካይ ከ2 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል። የምናገረው ሥራ ሁሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትሮች ላይ ነው።

ቻርም ኳርክ የታወቀው በኅዳር 1974 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በብሩክሃቨንና በስታንፎርድ የነበሩ ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ቅንጣት ማግኘታቸውን ባስታወቁ ጊዜ ነው። በቀጣዩ ዓመት ብሩክሃቨን ውስጥ በአረፋ ክፍል፣ ማለትም ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ የአረፋ ዱካ በሚተዉበት ዕቃ፣ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አንድ ኒውትሪኖ ከፕሮቶን ጋር ተጋጭቶ ቻርም ባርዮን እንደወለደ የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ። አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ክስተት ነበር። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ላምዳ-ሲዎች በሚወለዱበት የቅንጣት ማጋጫ ፊት ቆሞ ይህን ማሰብ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ያኔ ሰዎቹ ላዕሉን በአንድ ጣት ቆጥረውታል፣ ስለ ታህቱ ግን ገና የሚጠይቅ አልነበረም።

ታህቱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለመረዳት ተፈጥሮ የትኛውን በር እንደዘጋች ማወቅ ያስፈልጋል። የቅንጣት ፊዚክስ ዋና ንድፈ ሐሳብ በሆነው በስታንዳርድ ሞዴል መሠረት አንድ ኳርክ የኤሌክትሪክ ቻርጁን ሳይለውጥ ወደ ሌላ ዓይነት ኳርክ በቀጥታ ሊለወጥ አይችልም። ቻርም ኳርክ አፕ ኳርክ መሆን ከፈለገ፣ የሁለቱም ቻርጅ እኩል ስለሆነ፣ በዙሪያ ጥምጥም መንገድ መሄድ አለበት፤ ለቅጽበት ዳውን፣ ስትሬንጅ ወይም ቦተም ኳርክ ሆኖ ከዚያ ይመለሳል። በ1970 ግላሾው፣ ኢሊዮፑሎስና ማያኒ እንዲህ ያሉ ጥምዝምዝ መንገዶች እርስ በርሳቸው እንደሚጣፉ አሳዩ፤ ሒሳባቸው እንዲሠራም ያን ጊዜ ማንም ያላየው አራተኛ ኳርክ መኖር ነበረበት፤ እርሱም ከአራት ዓመት በኋላ የተገኘው ቻርም ነው። ለራሱ ለቻርም ሲሆን ይህ መጣፋት እጅግ የጠበቀ ነው። በመንገዱ ላይ የሚታዩት ሦስቱም ኳርኮች ይህን ለውጥ ከሚያካሂደው ከደብልዩ ቅንጣት አንጻር ቀላሎች በመሆናቸው አንዱ የሚጨምረውን ሌላው ይሰርዘዋል፤ የሚከብደው ቦተም ደግሞ ከቻርምና ከአፕ ጋር ያለው ትስስር በጣም ደካማ ነው። ቦተም ኳርክ ሲፈርስ ግን በጥምዝምዙ ውስጥ 173 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚመዝነው ቶፕ ስለሚገባ ሚዛኑ ይዛባል፣ ፍርሰቱም ይታያል። ስለ ቦተም አልፎ አልፎ ፍርሰቶች ብዙ የሚጻፈው፣ ስለ ቻርም ግን ጥቂት የሚጻፈው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እኔን የሚስበኝ ግን ይኸው ዝምታ ነው። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ትንሽ ኮሽታ ትሰማለች፤ ያልታወቀ ከባድ ቅንጣት በዚህ ጥምዝምዝ ውስጥ ቢገባ መጣፋቱን ሊያፈርሰው ይችላል።

እንግዲህ የሚፈለገው ፍርሰት ላምዳ-ሲ ወደ አንድ ፕሮቶንና ቻርጃቸው ተቃራኒ ወደሆነ ሁለት ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) የሚለወጥበት ነው። በጥምዝምዙ መንገድ ብቻ ይህ የሚሆነው ከአንድ ቢሊዮን ላምዳ-ሲዎች በአንዱ ገደማ፣ ምናልባትም ከዚያ ባነሰ ነው። ነገር ግን እዚሁ መድረሻ ላይ የሚያደርስ ሌላ የተለመደ መንገድ አለ፤ ላምዳ-ሲ መጀመሪያ ወደ ፕሮቶንና ሮ፣ ኦሜጋ ወይም ፋይ ወደሚባል ሜዞን (የአንድ ኳርክና የአንድ ጸረ-ኳርክ ጥንድ) ይፈርስና ሜዞኑ ቀጥሎ ወደ ሁለት ሙዮኖች ይለወጣል። ይህ ከሚሊዮን አንድ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ማለትም ከምንፈልገው በሺህ ዕጥፍ ይበዛል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሁለቱን ሙዮኖች ጥምር ክብደት ተመልክተው ኦሜጋና ፋይ የሚቀመጡባቸውን ስፍራዎች፣ 782 እና 1020 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያሉትን፣ ቆርጠው ያወጡና በቀረው ባዶ መሬት ላይ ይጠብቃሉ።

በ2011 በስታንፎርድ የነበረው የባባር ሙከራ ይህ ፍርሰት ካለ ከ100,000 ላምዳ-ሲዎች ከ4.4 እንደማይበልጥ አሳወቀ። በ2018 በአውሮፓው የምርምር ማዕከል በሰርን ያለው የኤልኤችሲቢ ሙከራ በ2011 እና በ2012 በሰበሰበው መረጃ ይህን ጣሪያ «ከ100 ሚሊዮን ላምዳ-ሲዎች 7.7» ወደሚል መጠን አወረደው፤ ይህ ከ500 ጊዜ በላይ የወረደ ጣሪያ ነው። በ2024 ደግሞ ያው ሙከራ በሁለተኛው የሥራ ዘመኑ መረጃ ወደ 2.9 ዝቅ አደረገው። በሦስቱም ጊዜ የተገኘ ነገር የለም። ዜና የሚጽፍ ሰው ይህን «ምንም አልተገኘም» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ሊወቀስም አይገባውም። ነገር ግን ምንም ያልተገኘበት ልኬት እንዴት እየተሻሻለ እንደሄደ ስንጠይቅ ነው ነገሩ የሚጥመው።

ዜሮ ቆጠርን ማለት ዜሮ አለ ማለት አይደለም። በአማካይ አንድ ክስተት ሊታይ በሚገባበት ጊዜ እንኳ ዕድል ዐይኗን ብታዞር ምንም ላናይ እንችላለን፤ ይህ የሚሆነው ከመቶ 37 ጊዜ ያህል ነው። ሁለት ቢጠበቅ ከመቶ ወደ 14 ጊዜ ባዶ እጃችንን እንቀራለን። 2.3 ሲጠበቅ ባዶ የመሆን ዕድሉ ከአሥር አንድ ይሆናል። ስለዚህ ምንም አስመሳይ ክስተት በሌለበት ንጹሕ ሙከራ ዜሮ የቆጠረ ሰው በ90 በመቶ መተማመን መናገር የሚችለው «ከ2.3 አይበልጥም» ብቻ ነው። ይህ 2.3 ለሰነፉም ለትጉሁም፣ ለትንሹም ለትልቁም ሙከራ ያው ነው። አንዱን ጣሪያ ከሌላው የሚለየው 2.3ቱ የሚካፈልበት ታህት ነው፤ ስንት ላምዳ-ሲ ተመልክተን ነው ዜሮ ያልነው?

ይህን ጥያቄ መመለስ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የፕሮቶን ማጋጫ ውስጥ በየሰከንዱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ግጭቶች ይከናወናሉ፤ በእያንዳንዱ ግጭት ስንት ላምዳ-ሲ እንደተወለደ የሚቆጥር ማንም የለም። ኤልኤችሲቢ ውስጥ ለግጭቱ ቅርብ የሆኑት የሲሊኮን ሰሌዳዎች ማጋጫው ሲሞላ ወደ ጎን ተከፍተው ይቆዩና ጨረሩ ሲረጋጋ ይዘጋሉ፤ ዛሬ ወደ ጨረሩ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠጋሉ። ላምዳ-ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ ሳይደርስ ባዶው ቧንቧ ውስጥ ይፈርሳል። በሌላ አነጋገር ባርዮኑን ራሱን ዲቴክተሩ ዐይቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። የሚታየው የልጆቹ ዱካ ነው፤ ዱካዎቹ ወደኋላ ሲሳቡ ከግጭቱ ነጥብ ጥቂት ፈቀቅ ባለ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ እዚያ አንድ ነገር ፈርሶ ነበር ይባላል። ከዚያም ፕሮቶኑ ፕሮቶን ተብሎ መታወቅ፣ ሙዮኖቹ የብረቱን ግድግዳ አልፈው መቆጠር፣ ክስተቱም ከሚጣሉት ሚሊዮኖች መካከል ተመርጦ መቀመጥ አለበት። በእያንዳንዱ እርከን የሚጠፋ አለ።

መውጫው የሚለካውን ነገር ከሌላ ከሚታወቅ ነገር ጋር ማመዛዘን ነው። ለዚህ የተመረጠው ቀደም ሲል እንደ እንክርዳድ ያወጣነው የፋይ መንገድ ነው። ላምዳ-ሲ ወደ ፕሮቶንና ፋይ፣ ፋይም ወደ ሁለት ሙዮኖች ሲለወጥ መጨረሻ ላይ የሚታዩት ሦስቱ ቅንጣቶች ከምንፈልገው ጋር አንድ ናቸው። በመንገድ የሚጠፋው በሁለቱም በኩል በተቀራራቢ መጠን ስለሚጠፋ ሲካፈል ይጣፋል። አንዱ ቦታ የሚጣለው እንክርዳድ ሌላው ቦታ መስፈሪያ ሆነ ማለት ነው፤ ይህን መጀመሪያ ስረዳ ለብቻዬ ሥቄአለሁ። ነገር ግን መስፈሪያው ራሱ ብርቅ ነው። ላምዳ-ሲ ወደ ፕሮቶንና ፋይ የሚፈርሰው ከሺህ አንድ ያህል፣ ፋይ ወደ ሙዮኖች የሚለወጠው ከ10,000 ሦስት በማይሞላ መጠን ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ከ10 ሚሊዮን ላምዳ-ሲዎች 3 ያህል ይሆናል። ታህቱ ላይ ያለው ይህ ቁጥር ደግሞ ከአየር የመጣ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ የለካው ነው። ያም ሰው በሌላ ታህት አካፍሎ ነው ያገኘው።

ይህን ሰንሰለት ወደ ታች ስንከተለው የምንደርሰው ላምዳ-ሲ ወደ ፕሮቶን፣ ካዮንና ፓዮን (ሁለቱ ቀላል ሜዞኖች ናቸው) ከሚፈርስበት ድርሻ ላይ ነው። አብዛኞቹ የላምዳ-ሲ ልኬቶች በዚህ የተካፈሉ ናቸው። እስከ 2014 ድረስ ይህ ድርሻ ከመቶ 5 ሲደመር ሲቀነስ 1.3 ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ከአራት አንድ የሚሆን ጥርጣሬ ማለት ነው፣ ያውም በግምታዊ ታሳቢዎች ላይ ተደግፎ የተገኘ። መስፈሪያው ሩቡን ያህል ቢሰፋ ወይም ቢጠብ የሚሰፈረው ሁሉ አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። በዚያ ዓመት የጃፓኑ ቤል 6.84 ከመቶ ብሎ ለካው፤ ብዙም ሳይቆይ የቤጂንጉ ቤስ-3 5.84 አለ። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የቤስ-3 ብልሃት ነው። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮንን በ4.6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያጋጯቸዋል። አንድ ላምዳ-ሲና የጸረ-ቁስ አቻውን ጸረ-ላምዳ-ሲን ለመውለድ የሚያስፈልገው 4.573 ነው፤ የሚተርፈው 26 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ነው፣ ቀላሉን ፓዮን ለመውለድ ግን 135 ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥንዱ ሲወለድ ሦስተኛ የሚገባበት ቦታ የለም። አንዱን ሙሉ በሙሉ ካየህ ማዶ ሌላው በእርግጥ አለ፤ እንዴት እንደፈረሰ ባታውቅም መኖሩን ታውቃለህ። እነዚያን መቁጠር ታህትን በእጅ መቁጠር ነው። ግዙፉ ማጋጫ በቢሊዮን ወልዶ የማይችለውን ይህ ትንሽ ማጋጫ በእጅጉ ባነሰ ቁጥር ቻለው፤ ከመሬት 100 ሜትር ያህል በታች ተቀብሮ የሚሠራው ኤልኤችሲቢ ጣሪያውን ሲያወርድ የቤጂንግ ቆጠራ በሒሳቡ ውስጥ አለ።

ታህት ሲስተካከል ላዕሉን የሚያጎድፍ ሌላ ችግር አለ፤ አስመሳዮች። እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልናገር። በተመራቂ ተማሪነቴ ለልምምድ በተሰጠን የሲሙሌሽን መረጃ ላይ ይህንኑ ፍርሰት እፈልግ ነበር። አንድ ምሽት የፕሮቶንና የሁለቱን ሙዮኖች ጥምር ክብደት የሚያሳየው ግራፍ ላይ ከ2286 ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ ጅራት እየጎተተ፣ ትንሽ ጉብታ ቆሞ አየሁ። ልቤ ደነገጠ። ዝቅ ማለቱን በመለኪያ መዛባት አስረዳሁት፤ ጅራቱን ደግሞ በጨረር ብክነት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። በማግሥቱ አማካሪዬ ግራፉን ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው «ፓዮኖቹን የት አደረስካቸው?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ወደ ወንበሬ ተመልሼ በወረቀት ሠራሁት። ላምዳ-ሲ ወደ ፕሮቶንና ሁለት ፓዮኖች የሚፈርሰው ከ1000 ወደ 4.6 ጊዜ ነው። ፓዮን ብዙ ጊዜ ብረቱ ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንዱ ግን በጉዞ ላይ እያለ ራሱ ወደ ሙዮን ፈርሶ ያልፋል። ከመቶ አንዱ እንኳ ሙዮን ተብሎ ቢታለፍ ሁለቱም የመታለፋቸው ዕድል ከ10,000 አንድ ነው፤ ይህ በ4.6 ሲባዛ ከ10 ሚሊዮን 4.6 ይሆናል። ዛሬ ካለው ጣሪያ ከአሥር ዕጥፍ በላይ የሚበልጥ የሐሰት ክምር ማለት ነው። ሙዮን ከፓዮን ስለሚቀል፣ ፓዮኑን ሙዮን ብሎ የሚያስብ ኮምፒውተር ጥምር ክብደቱን ዝቅ አድርጎ ያሰላዋል፤ ጉብታዬ ከ2286 በስተግራ የቆመው ለዚህ ነበር። ዝቅታውን ያስረዳሁበት አንደበተ ርቱዕነት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ምልክቱ የሚጠበቅበት ስፍራ ተሸፍኖ የሚሠራው ስለዚህ ነው። እውነተኛዎቹ ቡድኖች የምልክቱን ስፍራ፣ ማለትም 2286 አካባቢ ያለውን፣ ከራሳቸው ዐይን ሰውረው ይሠራሉ፤ ማጥለያው፣ መስፈሪያው፣ የአስመሳዮቹ ግምት ሁሉ ከግራና ከቀኝ ባለው መረጃ ተስተካክሎ ከታሰረ በኋላ ብቻ ይከፍቱታል። እኔ ግን ጉብታዬን ዐይቼ ነበር ማጥለያዬን የመረጥሁት። በ2018ቱ የኤልኤችሲቢ ሥራ ሲከፈት ባዶው ስፍራ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን በኦሜጋ ስፍራ ላይ አምስት ሲግማ የሚደርስ፣ ማለትም በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ እጅግ ኢምንት የሆነ፣ ክምር ቆሞ ነበር፤ ላምዳ-ሲ ወደ ፕሮቶንና ኦሜጋ ሲፈርስ የታየበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። ብርቁን ሲፈልጉ ጎረቤቱን አገኙ።

ታህትን የመናቅ ዋጋ ከብርቅ ፍርሰቶች ውጪም ይታያል። ሁለት ስትሬንጅና አንድ ቻርም ኳርክ ያሉት ኦሜጋ-ሲ የሚባል ባርዮን (ከላይ ካለው ሜዞን ጋር ስም እንጂ ሥጋ አይጋራም) ዕድሜው ለረጅም ጊዜ 69 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ተብሎ በየሰንጠረዡ ተጽፎ ኖረ፤ ከቻርም ባርዮኖች ሁሉ ዕድሜው አጭሩ እርሱ ነው ተብሎም ተቆጠረ። በ2018 ኤልኤችሲቢ 268 ፌምቶ ሰከንድ ብሎ አወጣ። አራት ዕጥፍ ያህል ነው። ቆይቶ በሌላ መንገድ ደግሞ ሲለካውም፣ የጃፓኑ ቤል-2 በ2022 ራሱን ችሎ ሲለካውም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ቁጥር መጣ፤ ኦሜጋ-ሲም ከመጨረሻ ተነሥቶ ላምዳ-ሲን ቀደመው። ዕድሜን መለካት ዱካ መቁጠር ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዷ ፌምቶ ሰከንድ ከፈረሱት ውስጥ ዲቴክተሩ ምን ያህሉን እንደሚያይ ማወቅ ነው፤ እርሱም ታህት ነው።

አሁን ትኩረቱ ቀስ በቀስ ከጣሪያ ወደ ማዘንበል እየዞረ ነው። ከ2022 ጀምሮ የታደሰው ኤልኤችሲቢ ክስተቶችን የሚመርጠው ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ በ2024 ብቻ የሰበሰበው መረጃ ከ2011 እስከ 2018 ከሰበሰበው ጋር የሚወዳደር ነው። ይህን ያህል መረጃ ሲኖር የፋይን ስፍራ ቆርጦ መጣል አያስፈልግም፤ እዚያው ውስጥ ገብቶ አዎንታዊው ሙዮን ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ ያዘነብላል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በስታንዳርድ ሞዴል ይህ ማዘንበል ዜሮ ሊባል የሚችል ነው። ፕሮቶንም ላምዳ-ሲም ሽክርክሪት ያላቸው በመሆናቸው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ከሜዞን ይልቅ ባርዮን ላይ ይበረክታሉ። ሌላው ጥያቄ ላምዳ-ሲና ጸረ-ላምዳ-ሲ እኩል ይፈርሳሉ ወይ የሚለው ነው። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ከታህት የተገላገልን መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ክምሮች ይቆጠራሉ፣ ልዩነታቸው ለድምራቸው ይካፈላል፣ የቤጂንግ ቁጥርም የፋይ ድርሻም ከሒሳቡ ይወጣሉ።

ነገር ግን የፍርሰቱ አንዱ ልጅ ፕሮቶን ነው፤ በጸረ-ላምዳ-ሲ በኩል ደግሞ ጸረ-ፕሮቶን። ዲቴክተሩ የተሠራው ከቁስ ነው፤ ጸረ-ፕሮቶን በቁስ ውስጥ ሲያልፍ ከፕሮቶን ይበልጥ ይጠፋል። በዚያ ላይ ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ የሚወለዱት ላምዳ-ሲዎችና ጸረ-ላምዳ-ሲዎች ቁጥር በትክክል እኩል አይደለም። ስለዚህ የሁለቱን ክምሮች ልዩነት ከማመን በፊት፣ ያው ፕሮቶን በሚገኝበት ሌላ የታወቀ ፍርሰት ላይ ከአንዱ ወገን ስንት፣ ከሌላው ስንት እንደሚጠፋ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በተቻለ መጠንም በሁለቱ ፍርሰቶች የሚታዩት ፕሮቶኖች ጉልበትና አቅጣጫ አንድ እስኪሆን ድረስ እያመሳሰሉ።